ጂኑ እዚህ፣ ማብሪያው ማዶ፦ አክቲቬተር የሚባለው ፕሮቲን በትክክል ምንድነው የሚሠራው?

ሦስተኛዋ ዓመት

ሰላም ለሁላችሁ። ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ ፋይናል ሁለት ሳምንት ቀርቶናል። አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ስለሆነ ነው የምጽፈው።

ሃንድአውታችን ላይ ያለው ይሄ ነው፦ አክቲቬተር ኢንሃንሰር (የጂኑ ማብሪያ የሆነ የዲኤንኤ ቦታ) ላይ ይቀመጣል፣ ትራንስክሪፕሽን (የጂኑን መነበብ) ይጨምራል። አለቀ። ከሥሩ ሥዕል አለ። እንቁላል የመሰለ ነገር ዲኤንኤ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ከእሱ ወደ ጂኑ ቀስት ወጥቷል። ሸምድጄዋለሁ፣ ፈተና ላይ ቢመጣ ማርክ አላጣበትም። ግን ቀስቱ ምንድነው? ምን ነገር ነው ከእንቁላሉ ወጥቶ ጂኑ ጋ የሚደርሰው?

ይባስ ብሎ ደግሞ የጣቶቻችንን አበቃቀል ከሚመሩት አንዱ፣ ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባለው ጂን፣ ማብሪያው አንድ ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ያህል ርቆ ሌላ ጂን ሆድ ውስጥ ነው ያለው ተብለናል። እዚያ ማብሪያ ላይ አንዲት ፊደል ስትቀየር ልጅ በአውራ ጣቱ በኩል ትርፍ ጣት ይዞ ሊወለድ ይችላል። አንድ ሚሊዮን ፊደል! እዚያ ማዶ የተቀመጠ ፕሮቲን እዚህ ያለውን ጂን እንዴት ነው የሚያስነሳው? አስተማሪያችንን ጠየቅኩ፣ "ለዚህ ደረጃ ይበቃሻል" አሉኝ። አልበቃኝም።

የእርሾ ልጅ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እንዳትተይው። እኔ ላብ ውስጥ እርሾ ላይ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ከእርሾ ልጀምርልሽ። ለጥያቄሽ በጣም ግልጽ የሆነው መልስ የተገኘውም እዚያው ነው።

ዳቦ የሚያስነሳው እርሾ ጋላክቶስ የሚባለውን ስኳር መብላት ይችላል። ግን የሚበላበትን ኢንዛይም ስኳሩ ሳይመጣ አይሠራም። ሲመጣ ደግሞ አያያዙ ሌላ ነው፣ ጋል1 የሚባለው ጂን ንባቡ ሺህ እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ያንን የሚያደርገው ጋል4 የሚባል አንድ አክቲቬተር ነው። 881 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ነው፣ ዲኤንኤው ላይ 17 ፊደል የምትሆን ቦታ ፈልጎ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ቀስትሽ። በ1985 ሮጀር ብሬንትና ማርክ ፕታሽኔ ሃርቫርድ ላይ አንድ ሙከራ ሠሩ። የጋል4ን ዲኤንኤ መያዣ ክፍል ቆርጠው አወጡና በምትኩ ሌክስኤ የሚባል የባክቴሪያ ፕሮቲን ቀጠሉበት። እርሾ ከሌክስኤ ጋር ምንም ትውውቅ የለውም። ቅልቅሉ ፕሮቲን መጀመሪያ ምንም አላደረገም። ከዚያ ከጂኑ አጠገብ የሌክስኤን መቀመጫ ፊደሎች አስገቡ፣ ጂኑ ተነሳ። ምን ማለት ነው? አክቲቬተር ሁለት ነገር አለው። አንዱ እጅ ነው፣ ዲኤንኤውን ይይዛል። ሌላው አፍ ነው፣ ይጣራል። እጁን ብትቀይሪው አፉ መጣራቱን አይተውም። እንዲያውም ትንሽ ቆይቶ ጋል4 ሰው ሴልም ውስጥ፣ ዝንብም ውስጥ ሠራ። የእርሾ አፍ የሚለው ነገር ለሰው ሴል ገባው ማለት ነው፣ እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ማንን ነው የሚጠራው ትይኛለሽ። ጂኑን የሚያነበው አርኤንኤ ፖሊሜሬዝ 2 ነው፣ 12 ክፍል ያለው ትልቅ ማሽን። ብቻውን ግን የጂኑን መነሻ ለይቶ አያውቅም። ቲኤፍ2ዲ እና ጓደኞቹ የሚባሉ ረዳቶች ያስፈልጉታል፣ ሚዲየተር የሚባለው ደግሞ አለ፣ እርሾ ላይ 25 ክፍል ያለው ግዙፍ ነገር። የአክቲቬተሩ አፍ እነዚህን ይይዛል። በተለይ ሚዲየተርን።

ደቦ አስቢ። ደቦ ጠሪው ብቻውን ማሳውን አያርስም። የሚዞረው እየጠራ ነው፣ ሰውና በሬ ሲሰበሰብ ነው ማሳው የሚታረሰው። አክቲቬተር ደቦ ጠሪ ነው።

"ይሄ ምሳሌ ብቻ ነው" እንዳትይኝ ማስረጃውን ልንገርሽ። በ1995 የፕታሽኔ ላብ ጥሪውን ጭራሽ አስቀሩት። ሌክስኤን ወስደው ጋል11 ከሚባለው፣ ከራሱ ከሚዲየተር አንድ ክፍል ጋር በቀጥታ ገጠሙት። አፍ የለም፣ ጥሪ የለም። ተጠሪውን እጁን ይዞ ማሳው ላይ ማቆም በይው። ጂኑ በደንብ ተነሳ። ዋናው ሥራ ማምጣት ባይሆን ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር።

በዓይኔ ያየሁትን ልጨምርልሽ። ከጂኑ ቦታ ላክዚ የሚባለውን እናስገባለን፣ ሲነበብ ኤክስጋል የሚባለውን ኬሚካል ሰማያዊ የሚያደርግ ኢንዛይም ይወጣዋል። እርሾውን በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ከአንዱ ፕሌት ወደ ሌላው ነክተሽ ታሳልፊያለሽ፣ ክዳኑን ስትከፍቺ የሊጥ ሽታ ይመታሻል። ሁለት ቀን 30 ዲግሪ ላይ ታሳድሪዋለሽ። አፍ የሌለው ጋል4 ያለበት ነጠብጣብ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ሙሉው ያለበት ድፍን ሰማያዊ ይሆናል፣ የትምህርት ቤት ቀለም የመሰለ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ፕሌቱን ይዤ ለሰው ሁሉ ሳሳይ ዋልኩ።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። የእርሾ ልጅም በደንብ ነው ያስረዳኸው፣ ደቦውን ወድጄዋለሁ። ግን አንድ የጎደለ ነገር አለ። ማሳው ራሱ ዝግ ነው።

ባክቴሪያ ውስጥ ዲኤንኤው በአመዛኙ ክፍት ነው፣ ፖሊሜሬዙ ሲግማ የሚባል አንድ ረዳት ይዞ መነሻውን ያገኛል። የእኛ ሴል እንደዚያ አይደለም። ሁለት ሜትር ገደማ ዲኤንኤ በዓይን በማትታይ ኒውክለስ ውስጥ ነው የሚታጨቀው። ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚታጨቀው፣ በየአንዳንዱ ጥቅል ላይ 147 ፊደል ያህል። ጥቅሉ ካልላላ ተጠሪው ሁሉ ቢመጣ የሚቆምበት የለውም። ስለዚህ አክቲቬተር ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ነው የሚጠራው፦ የሚያነቡትን ብቻ ሳይሆን ጥቅሉን የሚያላሉትንም።

ይሄን የሚያላላውን ነገር ታሪክ ላውጋችሁ፣ እኔ ሳስተምር የኖርኩበት መጽሐፍ ላይ አልነበረምና። በ1964 ቪንሰንት ኦልፍሪ ሮክፌለር የሚባለው የምርምር ተቋም ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ሂስቶን ላይ አሴቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል እንደሚለጠፍ አየ፣ ይሄ ነገር ከጂን መነበብ ጋር ሳይገናኝ አይቀርም ብሎ ጻፈ። ነገሩ ምክንያት አለው፤ የሂስቶን ጭራ ፖዘቲቭ ነው፣ ዲኤንኤ ኔጌቲቭ ነው፣ ይሳሳባሉ፣ አሴቲሉ ሲለጠፍ ያ መሳሳብ ይቀንሳል። ግን የሚለጥፈው ኢንዛይም ማን እንደሆነ ሠላሳ ዓመት አልታወቀም። በ1996 ዴቪድ አሊስና ባልደረቦቹ ቴትራሃይሜና ከሚባል ባለ አንድ ሴል የውኃ ፍጥረት ለይተው አወጡት። ማንነቱን ሲያዩት እርሾ ላይ ጂሲኤን5 ተብሎ ከሚታወቀው ጋር አንድ ዘር ሆኖ ተገኘ። ጂሲኤን5 ደግሞ የአክቲቬተሮች ረዳት መሆኑ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፣ ምን እንደሚሠራ ነበር ያልታወቀው። ሁለቱ ወሬዎች በአንድ ቀን ተገናኙ። ያን ጽሑፍ ዘግይቼ ነው ያነበብኩት፣ እንባ ነው የመጣብኝ።

ፋርማሲ ፈረቃ

ማታ ፈረቃ ላይ ነኝ፣ ሰው ስለሌለ ነው የምጽፈው። ይሄ ነገር ከመጽሐፍ ወጥቶ መደርደሪያዬ ላይ አለ።

ፕሬድኒሶሎን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዴክሳሜታሶንም እንደዚያው። እነዚህ መድኃኒቶች የሚይዙት ግሉኮኮርቲኮይድ ሪሴፕተር የሚባል ፕሮቲን ራሱ አክቲቬተር ነው። መድኃኒቱ ሳይመጣ ከኒውክለስ ውጭ ኤችኤስፒ90 ከሚባል ጠባቂ ጋር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ሲይዘው ቅርጹ ይቀየራል፣ ወደ ኒውክለስ ይገባል፣ ዲኤንኤው ላይ ቦታውን ይይዛል። አንዳንዱን ጂን ያስነሳል፣ ብግነት የሚያመጡትን ደግሞ ያስተኛል።

ባለፈው አንዲት እናት አስም ያለበት ልጃቸውን ይዘው ከሐኪም ቤት በቀጥታ መጡ። ልጁ ሳልቡታሞል ተነፍቶለታል፣ ፕሬድኒሶሎን ታዞለታል። "ይሄኛው ወዲያው ይሠራል፣ ያኛው ለምን አይሠራም? ውሸት ነው እንዴ?" አሉኝ። ተቀምጬ አስረዳኋቸው። ሳልቡታሞል የትንፋሽ ቧንቧውን ጡንቻ በቀጥታ ያላላል፣ ደቂቃ ነው የሚፈጅበት። ፕሬድኒሶሎን ግን ጂን ጋ ሄዶ፣ ጂኑ ተነቦ፣ ፕሮቲን ተሠርቶ ነው ውጤቱ የሚመጣው፣ ሰዓታት ይወስዳል። "እንግዲህ ማጥመቂያ ጊዜ አለው ማለት ነው" አሉኝ። እኔ ከዚያ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

ታሞክሲፈን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያሳያል፣ የጡት ካንሰር መድኃኒት። ኢስትሮጅን ሪሴፕተር የሚባለውን አክቲቬተር ይይዘዋል። ሪሴፕተሩ ዲኤንኤው ላይ መቀመጡን አይከለክለውም። የሚያደርገው ከሪሴፕተሩ ጫፍ አካባቢ ያለችውን አንዲት ጥምዝ፣ ሄሊክስ 12 የምትባለውን፣ ተጠሪዎቹ በሚይዙበት ቦታ ላይ ማስተኛት ነው። እጁ እንዳለ ነው፣ አፉ ተዘጋ። የእርሾ ልጅ ያለው በሙሉ በየቀኑ አንድ ኪኒን ውስጥ አለ። አንድ ነገር ግን፣ አጥንትና ማህፀን ላይ ይሄው ታሞክሲፈን አስነሺ ይሆናል።

ሦስተኛዋ ዓመት

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ያንን ታሪክ ማንም ነግሮን አያውቅም። ፋርማሲ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርሽ ላይ ቆምኩ። ያው ፕሮቲን ነው፣ ያው መድኃኒት ነው። ጡት ላይ ያጠፋል፣ ማህፀን ላይ ያበራል? ዲኤንኤውም እኮ በሁሉም ሴል አንድ ነው።

ፋርማሲ ፈረቃ

ተጠሪዎቹ አንድ አይደሉማ። አንዱ ሴል ውስጥ የሚጠሩ ረዳቶች በሽ ናቸው፣ ሌላው ውስጥ አጥፊዎቹ ይበዛሉ። ሰፈሩ ነው የሚወስነው። በዚያ ላይ አንዱ ሴል ውስጥ ክፍት የሆነው የዲኤንኤ ቦታ ሌላው ውስጥ ተጠቅልሎ ይሆናል፣ መምህር እንዳሉት።

ስላይድ አንባቢ

ለዚህ ጥያቄ ከእኔ ሥራ የተሻለ ምሳሌ የለም። የወባ ስላይድ አነባለሁ። ጊምዛ የሚባለውን ቀለም ቀብተሽ ዘይት ጠብ አድርገሽ በመቶ ሌንስ ስታዪው፣ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ጥገኛ የገባበት ቀይ የደም ሴል ከጎረቤቶቹ ገዝፎ፣ ላዩ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ተረጭቶበት ታገኚዋለሽ። እዚህ አገር ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ብዙ የምናየው እሱን ነው።

ቫይቫክስ ሴሉ ውስጥ ለመግባት ዳፊ የሚባል ፕሮቲን እንደ በር መያዣ ይጠቀማል። ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ በ1976 ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስ እንደማይዛቸው አሳዩ፣ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው። አሁን ጉዳዩ ምን መሰላችሁ፣ የዳፊ ጂን ራሱ ደህና ነው። የተበላሸው ከጂኑ በፊት ያለችው የጋታ1 መቀመጫ ናት። አንዲት ቲ ወደ ሲ ተቀየረች፣ ይሄው ነው። ጋታ1 የቀይ ደም ሴል እናት ሴሎች ውስጥ ዋነኛ አክቲቬተር ነው። መቀመጫው ሲጠፋ ጂኑ እዚያ አይነሳም። የደም ሥር ግድግዳ ሴሎች ግን ሌላ አክቲቬተር ነው የሚጠቀሙት፣ እዚያ ዳፊ እንደ ድሮው ይሠራል! ያው ሰው፣ ያው ጂን፣ አንዱ ሴል ውስጥ አለ፣ አንዱ ውስጥ የለም። ይሄ በ1995 ነው የታየው።

ጨርሼ አላልኩም። ኢትዮጵያ ውስጥ ዳፊ የሌላቸው ሆነው ቫይቫክስ የያዛቸው ሰዎች ተገኝተዋል፣ ማዳጋስካርም እንደዚሁ። ጥገኛው ሌላ መግቢያ እያገኘ ነው ወይስ እናት ሴሎቹ ላይ ለአፍታ ዳፊ ይወጣል የሚለው ላይ ሰዎች አጥብቀው እየሠሩ ነው። እኔ በበኩሌ ስላይድ ባነበብኩ ቁጥር ያቺ አንዲት ፊደል ትታወሰኛለች።

ሎጊያ

እኔ ሳይንስ አልተማርኩም፣ አካውንታንት ነኝ፣ ግን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አፋር ነኝ። ቤታችን የግመል ወተት ከልጅነት እስከ ሽምግልና ነው የሚጠጣው። አዲስ አበባ ስማር የክፍል ጓደኞቼ ግማሾቹ ወተት ሆዳቸውን ይነፋቸው ነበር። ይሄም ከማብሪያ ጋር ይገናኛል ብሎ አንድ ሰው ነግሮኛል፣ እውነት ነው?

የእርሾ ልጅ

እውነት ነው ወንድሜ፣ እንዲያውም ለጥያቄዋ ትክክለኛው ማሳያ ይሄ ነው።

የወተት ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ በሚባል ኢንዛይም ነው። ሕፃን ሁሉ አለው። በዓለም ላይ አብዛኛው ሰው ሲያድግ ጂኑ ይተኛበታል፣ አንዳንዱ ላይ ግን ዕድሜ ልኩን ሳይተኛ ይኖራል። በ2002 ፊንላንድ ውስጥ ምክንያቱን ሲፈልጉ ጂኑ ላይ ምንም አላገኙም። ለውጡ የተገኘው 14 ሺህ ፊደል ገደማ ርቆ፣ ኤምሲኤም6 የሚባል ጎረቤት ጂን ውስጥ ነው። እዚያ አንዲት ፊደል ስትቀየር ኦክት1 የሚባለው ፕሮቲን አጥብቆ ይይዛታል። የአውሮፓ ሰው ይሄኛው ነው ያለው።

የአፋር፣ የሶማሌ፣ የቤጃ ሰው ግን ያ የአውሮፓው ለውጥ አይደለም ያለው። ኢትዮጵያና ሱዳን ውስጥ ሌሎች ናቸው የተገኙት፣ በቁጥራቸው 13907፣ 13915 እና 14009 የሚባሉት። ኬንያና ታንዛኒያ ላይ 14010 ተገኘ። 13915 ዓረብ አገር የግመል አርቢዎችም ዘንድ አለ። ቁጥሮቹን እስቲ አስተያያቸው። ሁሉም በመቶ ፊደል ገደማ ውስጥ የታጨቁ ናቸው! በሦስት ቢሊዮን ፊደል መካከል፣ የማይተዋወቁ ከብትና ግመል አርቢዎች፣ በተለያየ ዘመን፣ እዚያችው ማብሪያ ላይ ነው ለውጡ የያዘላቸው። አንዳቸውም የላክቴዝን ጂን አልነኩትም። የጥሪውን ቦታ ነው የነኩት።

ሎጊያ

ይሄን ለአባቴ ነው የማነብላቸው። ደውዬ።

ባለ ማይክሮስኮፑ

ጥሩ ውይይት ነው፣ ግን የደቦው ነገር ላይ አንድ ነገር ካላልኩ አይሆንልኝም። የሃንድአውቱ ሥዕልም፣ የእናንተ አገላለጽም አክቲቬተሩን ቁጭ ብሎ የሚውል ያስመስለዋል። አይውልም። እነዚህን ፕሮቲኖች አንድ በአንድ የሚያበራ ቀለም ለጥፈን ሕያው ሴል ውስጥ እናያቸዋለን። አንዷ ነጥብ ብቅ ትላለች፣ አምስት ሰከንድ፣ አሥር ሰከንድ ትቆማለች፣ ትጠፋለች። ሌላዋ ትመጣለች። ብዙዎቹ አክቲቬተሮች ዲኤንኤው ላይ የሚቆዩት ሰከንዶች ነው። ጂኑም ሲነበብ እንደ ቧንቧ ውኃ ዝም ብሎ አይፈስም። ትንሽ ይነበባል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይነበባል።

ርቀቱን በተመለከተ ደግሞ፣ የተለመደው ማብራሪያ ዲኤንኤው ይታጠፋል፣ ማዶ ያለው ማብሪያ ጂኑ አጠገብ ይመጣል የሚለው ነው። ገመድ አጥፈሽ ሁለቱን ጫፎች እንደምታገናኚው። ለዚህ ብዙ ማስረጃ አለ፣ ያን የሶኒክ ሄጅሆግ ማብሪያንም ጨምሮ። መነካካት አለባቸው ወይስ መቀራረብ ይበቃል የሚለው ላይ ግን ሰዎች አሁንም ይከራከራሉ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ አክቲቬተሮችና ሚዲየተር ውኃ ላይ እንዳለ የዘይት ጠብታ ተሰብስበው ይታያሉ የሚሉ ሥራዎች በብዛት ወጥተዋል። እኔ መሰባሰቡን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጠብታ ነው ለማለት ግን አልቸኩልም።

የእርሾ ልጅ

ተቀብያለሁ። ደቦ ጠሪውም እኮ አንድ ደጃፍ ላይ ሲቆም አይውልም፣ ጠርቶ ያልፋል። ግን አንዱ አልፎ ሌላው ወዲያው ከመጣ ቦታው ባዶ አይሆንም። ቁም ነገሩ እንደ ቁጥራቸው ነው፣ ኒውክለሱ ውስጥ ብዙ ካሉ መቀመጫው አብዛኛውን ጊዜ የተያዘ ነው።

ሦስተኛዋ ዓመት

ሥዕሉን እንደ አዲስ ሠራሁት። ቀስቱን ፍቄዋለሁ። ዲኤንኤውን አጥፌ ማብሪያውን ጂኑ አጠገብ አመጣሁት፣ አክቲቬተሩ ላይ እጅና አፍ አደረግኩ፣ አፉ ጫፍ ላይ ሚዲየተርን ሳልኩ፣ ከሚዲየተሩ ጀርባ ፖሊሜሬዙን። ሂስቶኖቹን ጎን ላይ ላላ አድርጌ። የምጠይቀው አንድ ብቻ ቀረ። ጋላክቶስ ሳይኖር ጋል4 የት ነው ያለው? ከዲኤንኤው ወርዶ ነው የምስለው?

የእርሾ ልጅ

እንዳታወርጂው! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። እርሾው ራፊኖስ በሚባለው ስኳር ላይ ሲያድግ ለምሳሌ ጋል4 መቀመጫው ላይ ነው። ግን ጋል80 የሚባል ፕሮቲን አፉን ይዞታል። ጋላክቶስ ሲመጣ ጋል3 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ስኳሩን ይይዝና ጋል80ን ያስለቅቀዋል። ግሉኮስ ሲኖር ሌላ ጣጣ አለው፣ ለፋይናል አያስፈልግሽም፣ ከፈተና በኋላ ነይና እናወራዋለን።

ሦስተኛዋ ዓመት

እሺ መለስኩት። ቦታው ላይ ተቀምጧል፣ ጋል80ን አፉ ላይ እንደተጫነ መዳፍ አድርጌ ነው የሳልኩት። ነገ ለጥናት ቡድናችን ሰሌዳ ላይ እሠራላቸዋለሁ። ከፈተና በኋላ ስለ ግሉኮሱ እመጣለሁ።